እህም! … ይቅርታ

እኛ… እህም!… ይቅርታ።

ወጋችንን ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። "እኛ" የምንለው የንጉሥ ዘር ስላለብን ወይም እንደ ጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ መኮፈስ ስላማረን አይደለም። "እኛ" ስንል እኛና ጉሮሯችን ማለታችን ነው። ብቻችንን የሄድንበት ቦታ ከጠፋ ሰነባበተ። ታክሲ ስንሳፈር ሁለት ነን (ሒሳብ የምንከፍለው ለአንድ ቢሆንም)። ለቅሶ ስንደርስ ሁለት፣ ቃለ መጠይቅ ስናደርግ ሁለት ነን። ይኼን ሁሉ ጊዜ አብሮን የዋለ ያደረን ጉሮሮ ትተን "እኔ" ብንል ትዝብት ነው።

እናላችሁ፣ የዛሬው ጉዳያችን አክታ ነው። አዎ፣ አክታ! ምሳ ላይ ከሆናችሁ ጨርሳችሁ ተመለሱ፤ እንጠብቃችኋለን።

ጨረሳችሁ? በሉ እንቀጥል።

*

በአገራችን "እህም!" ማዕረግ ያለው ድምፅ ነው። አባወራው ሲመሽ ከደጅ ሆነው አንድ ጊዜ "እህም!" ካሉ ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ወንበር ይነሳል፣ ውሃ ይቀርባል። ሽማግሌዎች ልጅ ሊጠይቁ ሲመጡ ከዋናው ንግግር በፊት የሚቀድመው እህም ነው። የስብሰባ መሪው ማይክራፎኑን ተጠግቶ እህም ሲል አዳራሹ ጸጥ ይላል። እህም ማለት "መጥቻለሁና ስሙኝ" ማለት ነው።

ይህ ክብር ግን ለሁሉም አልተሰጠም። ዕድሜዋ ሃያ ምናምን የሆነች ሴት ልጅ በየሁለት ደቂቃው እህም ስትል የሚሰጣት ትርጉም ሦስት ነው። ወይ ልትዋሽ ነው፤ ወይ ነገር ልትፈልግ ነው፤ ወይ ታማለች። ሦስቱም ደርሶብናል። አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ እህም ብንል ፊታችን የተቀመጡ አዛውንት ዞር ብለው "ልጄ፣ አንቺን ነገር አለሽ?" አሉን። ምንም የለንም አልን። ይህን ለማለት ራሱ መጀመሪያ እህም ማለት ነበረብን።

የጀመረን በነሐሴ 2016 ዓ.ም ነው። ጋዜጠኝነት ተምረን ከተመረቅን በኋላ፣ ከአንዲት የክፍል ጓደኛችን ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ በአንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ ላይ በሳምንት አንድ ቀን ለሚተላለፍ ዝግጅት ጽሑፍ እናነብ ነበር። የክረምት ጉንፋን ያዘን። እንደ ማንኛውም ጉንፋን አስነጠሰን፣ አፍንጫችንን ዘጋው፣ በሳምንቱ ለቀቀን። ሲሄድ ግን ዕቃውን ጉሮሯችን ውስጥ ረስቶ ሄደ። የሆነች ትንሽ ነገር፣ ወፍራም፣ የማትወጣ፣ የማትገባ። እንጠርጋታለን፤ ለአንድ ደቂቃ ትሄዳለች፤ ተመልሳ ትመጣለች። መስከረም ጠባ፣ አለች። ገና መጣ፣ አለች። ፋሲካ ደረሰ፤ ጉሮሯችን ውስጥ ጾማችንን አብራን ጾማ አብራን ፈታች!

ደግሞ ዘመኑ ለእህም ባዮች የሚመች አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ የነበሩትን ወራት ታስታውሳላችሁ። ያኔ ታክሲ ውስጥ የሳለ ሰው እንደ ሌባ ይታይ ነበር። ወረርሽኙ ጋብ ቢልም ያቺ ዓይን አልጠፋችም። እህም ስንል አጠገባችን ያለው ሰው መስኮት ሲከፍት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ስታደርግ እናያለን። አንፈርድባቸውም፤ እኛም ያኔ ስናደርገው ነበር።

*

በአገራችን ሐኪም የጠፋበት ቦታ ሞልቷል። መድኃኒት አዛዥ የጠፋበት ቦታ ግን እስካሁን አላጋጠመንም።

አከራያችን እትዬ "ይኼ ምች ነው" ብለው ዳማከሴ አሽተው ጨመቁልን። ጎረቤታችን የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ፣ ብርድ ልብስ አከናንባ በእንፋሎቱ አጠነችን፤ ከብርድ ልብሱ ስር ስንወጣ ፊታችን የበሰለ ቀይ ሥር መስሏል። (እውነቱን ለመናገር ለአንድ ሰዓት ያህል ቀለል ብሎን ነበር። የፈላ ውሃ ተደፍቶባቸው የተቃጠሉ ብዙ መሆናቸውን ግን ቆይተን ሰማን፤ ስለዚህ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት ባይሞከር ይሻላል።) ዝንጅብል በማር ጠጣን፤ ይጣፍጣል፣ ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ እንግዳችንን ግን አላስወጣልንም። ፌጦ በሎሚ ቀመስን፤ ስለ እሱ ባንናገር ይሻላል። አንዷ "ወተት ነው አክታ የሚያበዛብሽ" ብላን ማኪያቶ ተውን። ቆይተን እንዳነበብነው ወተት ከምራቅ ጋር ሲቀላቀል ወፈር ስለሚል ጉሮሮ ላይ የተለጠፈ ይመስላል እንጂ ተጨማሪ አክታ አያመርትም። የተውነው ማኪያቶ አሁንም ይቆጨናል!

ከሁሉም የምናፍርበትን እንናዘዝ። የሚያውቀን ሰው "አክታሽ ቢጫ ከሆነ ኢንፌክሽን ነው" ሲለን ሐኪም ሳያየን አሞክሳሲሊን ገዝተን ለሰባት ቀን ዋጥን። ጉሮሯችን እንዳለ ሆኖ ሆዳችን ተበጠበጠ። የአክታ ቀለም ብቻውን ባክቴሪያ ይሁን ቫይረስ እንደማይለይ፣ በቫይረስ የመጣን ጉንፋን ደግሞ አንቲባዮቲክ እንደማያሽረው እኛው ራሳችን በዚያ ዝግጅት ላይ ለአድማጭ አንብበን እናውቃለን። አንባቢው ራሱን አይሰማም ማለት ነው።

አንዲት አክስታችን ከአገር ቤት ለጥየቃ መጥተው ጉሮሯችንን በባትሪ ካዩ በኋላ "እንጥልሽ ወርዷል፤ መቆረጥ አለበት። እኔ የማውቀው እጁ የሚባረክ ሰው አለ" አሉን። ለእሳቸው ነገሩ ጥፍር እንደ መቁረጥ ነው። እንጥል ግን እዚያ የተንጠለጠለው ለጌጥ አይደለም። ጉሮሮን የሚያረጥብ ምራቅ ያመነጫል፤ ስንውጥ ምግቡ ወደ አፍንጫ እንዳይሄድ ከላንቃው ጋር ሆኖ ይከላከላል። በቤት ውስጥ በስለት የተቆረጡ ብዙ ልጆች ደም ፈሷቸዋል፣ ቁስላቸው አመርቅዟል፣ የሞቱም አሉ። አክስታችንን በትሕትና "እናስብበት" ብለን ሸኘናቸው። እሳቸውም በትሕትና ተቀየሙን።

*

አሁን ወደ ስቱዲዮው እንግባ።

የእኛ ዝግጅት ተቀርጾ የሚተላለፍ ስለነበር እህማችን አየር ላይ አይወጣም። ቴክኒሻኑ እየቆረጠ ይጥልልናል። ደግ ልጅ ነው፤ አማርሮ አያውቅም። አንድ ቀን "ነይ፣ አንድ ነገር ላሰማሽ" አለን። ጆሮ ማዳመጫውን አደረግን። በሦስት ወር ውስጥ የቆረጣቸውን እህሞች አንድ ላይ ቀጥሏቸው ኖሯል። "እህም… እህም… እህህም… ይቅርታ… እህም…" አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ! ስቱዲዮ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ቀልዱ መጥፎ አልነበረም።

ማታ አልጋችን ላይ ሆነን ግን ያቺ አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ጆሯችን ውስጥ ደጋግማ ተሰማችን። ሦስት ወር ሙሉ ስለ ውሃ ችግር፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ኑሮ ውድነት አንብበናል፤ እሱን አልሰማነውም። ከድምፃችን ሰብስበን የሰማነው የተጣለውን ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን የቅዳሜ ጠዋት የቀጥታ ስርጭት አቅራቢ ቦታ ተከፈተ። ስንመኘው የኖርነው ቦታ ነው። በቀጥታ ስርጭት ላይ ደግሞ የሚቆርጥ ቴክኒሻን የለም። ማመልከቻውን ጽፈን ጨርሰን ነበር። ቦርሳችን ውስጥ ሁለት ሳምንት ከርሞ፣ ታጥፎ ታጥፎ፣ በመጨረሻ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆነ። ቦታውን ሌላ ሰው አገኘው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጉሮሮውም ንጹሕ ነው።

*

ሐኪም ጋ ለምን አልሄዳችሁም ትሉን ይሆናል። እዚህ ላይ ቀልዱን ቀነስ እናድርገው።

እናታችን በስልክ ስናወራት እህም ካልን ዝም ትላለች። አንድ ሁለት ሰከንድ ያህል። ከዚያ ወሬዋን ትቀጥላለች። የዝምታዋን ምክንያት እናውቃለን። እኛ ሳንወለድ በ1983 ዓ.ም የሞተ አጎት ነበረን፤ የእሷ ታናሽ ወንድም። ሲስል "ብርድ ነው" ይል ነበር ይባላል። ብርድ አልነበረም፤ የሳንባ ነቀርሳ ነበር። በቤታችን የዚያ በሽታ ስም በሙሉ አይጠራም፤ "ያ ነገር" ነው የሚባለው።

ስለዚህ እኛም ዘዴ ፈጠርን። ከእናታችን ጋር ስናወራ እህም ሊመጣ ሲል የስልኩን ድምፅ እንዘጋለን፣ ጉሮሯችንን እንጠርጋለን፣ መልሰን እንከፍታለን። እሷ "ሃሎ? ሃሎ? ተቋረጠ እንዴ?" ትላለች። እኛም ኔትወርኩ ነው እንላለን። ስምንት ወር ሙሉ ጥፋቱን ሁሉ በኔትወርክ ላይ ደፈደፍነው። (ኔትወርክ በዚህ አገር የሚታማበት ስለማያጣ አንድ ተጨማሪ ሐሜት አይከብደውም ብለን ነው።)

ጋዜጠኝነት ስንማር ዜና ማለት ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምንና እንዴት ነው ብለውናል። ስለ ጉሮሯችን ግን አንዱንም ጠይቀን አናውቅም። ስንጠይቅ "ያ ነገር" የሚል መልስ ቢመጣስ?

በመጨረሻ አብራን የምትኖረው ጓደኛችን ናት በሚያዝያ 2017 ዓ.ም እጃችንን ይዛ ወደ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ የወሰደችን። እህሙ ማታ ማታ ወደ ሳል እየተለወጠ እሷንም እንቅልፍ ነስቷት ነበር። ግድግዳው ላይ "ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለብዎ ይመርመሩ" ይላል። ባለሙያው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀን። ስምንት ወር አልነው። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ስምንት ወር ምን ስትጠብቂ ነበር?"

መልስ አልነበረንም። ክብደት ቀንሰሽ ታውቂያለሽ? ማታ ያልብሻል? ትኩሳት? ደም የቀላቀለ አክታ? ሁሉንም የለም አልን። ቢሆንም አክታሽ ይመርመር አለንና ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ሰጠን። ሰው የሌለበት፣ አየር ያለበት ቦታ ቆመሽ፣ በደንብ አየር ስበሽ፣ ከደረትሽ ሳል ብለሽ አምጪ አለን።

እንግዲህ ተመልከቱ የአክታን ክፋት። ስምንት ወር አንድ ቀን ሳይለየን የኖረ፣ በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በስቱዲዮ ያዋረደን አክታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በመንግሥት ሲፈለግ… ጠፋ! እህም አልን፤ የለም። እህህም አልን፤ ምራቅ ብቻ። ከጤና ጣቢያው ጓሮ ቆመን፣ ዕቃዋን ይዘን እየለመንነው ሃያ ደቂቃ ሞላን። ጓደኛችን ከሩቅ ሆና እስክትንፈራፈር ትስቃለች። በኋላ እንደ ምንም መጣልን።

በነገራችን ላይ፣ የዚህ በሽታ ምርመራም ሆነ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ነው። መደበኛው ሕክምና ስድስት ወር የሚወሰድ ክኒን ነው፤ በአግባቡ የወሰደው አብዛኛው ሰው ይድናል። ሮበርት ኮክ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም የበሽታውን ባክቴሪያ ማግኘቱን ለዓለም የተናገረው መጋቢት 24 ቀን 1882 እ.ኤ.አ. ነው። ከመቶ አርባ ዓመት በላይ ስሙ የታወቀ ነገር በእኛ ቤት ገና "ያ ነገር" ነው።

ውጤቱ በማግስቱ ደረሰ። ነጻ ነሽ ተባልን። በዚያው ቀን ለእናታችን ደውለን፣ የስልኩን ድምፅ ሳንዘጋ፣ በሙሉ እህማችን ሁሉንም ነገርናት። ስለ ኔትወርኩም ጭምር።

እናታችን "ተመስገን" አለች። ቀጥላ ዝም አለች፤ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ። ከዚያ ከዚህ በፊት ሰምተነው የማናውቀውን ነገረችን። "መሀረቡን የማጥብለት እኔ ነበርኩ። ለሊት ተነስቼ፣ እማዬ ሳታይ። ደም ነበረው። ለማንም እንዳትናገሪ ብሎ አስምሎኝ ነው።" አጎታችን ሲሞት ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። መድኃኒቱ ያኔም ነበረ። እናታችን ይኼን ሁሉ ዓመት በእኛ እህም ውስጥ የምትሰማው ያንን መሀረብ ኖሯል። እኛ ደግሞ የስልክ ድምፅ እየዘጋን የራሳችንን መሀረብ ስንደብቅባት ከረምን።

*

"ያ ነገር" አለመሆኑ ከታወቀ በኋላ ታዲያ ምንድን ነው? ጤና ጣቢያው ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም ላከን። ዶክተሯ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ነገር በአፍንጫችን አስገብታ ጉሮሯችንን አየች። (አያምም፤ ዓይን ያስለቅሳል።) ዕጢ የለም፣ ቁስል የለም። የድምፅ አውታሮቻችን ግን ቀልተው አብጠዋል።

ከዚያ ትጠይቀን ጀመር። እራት በስንት ሰዓት? ከሥራ ስንመለስ፣ ማታ አራት ሰዓት አካባቢ። ምን? ሽሮ፣ ሚጥሚጣ ነስነስ ተደርጎበት። መቼ ትተኛላችሁ? ወዲያው። ቡና? አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ከሰዓት ደግሞ አንድ ሁለት። ውሃስ? …ዝም አልን። የጨጓራ አሲድ ቃር ሳይሰማንም ጭምር እስከ ጉሮሮ ሊወጣና ሊያስቆጣው እንደሚችል ነገረችን። የከሰል ጭስ፣ ዕጣን፣ የመንገድ አቧራ ደግሞ በላዩ ይጨምሩበታል። ሌላ ሰው ላይ መነሻው የአፍንጫ አለርጂ ወይም ሳይነስ ሆኖ ከአፍንጫ ጀርባ ወደ ጉሮሮ የሚንጠባጠብ ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔውም እንደዚያው ይለያያል።

"ዋናው ጥፋተኛ ግን መጥረግሽ ነው" አለችን።

አልገባንም።

"ቤትሽ ወለሉ አፈር ቢሆን ሳትጠርጊ በፊት ምን ታደርጊያለሽ?"

ውሃ እንረጫለን አልናት።

"ሳትረጪ በደረቁ ብትጠርጊውስ?"

አቧራው ይነሳል።

"በቃ። በደረቁ እየጠረግሽው ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። እህም ባልን ቁጥር ሁለቱ የድምፅ አውታሮች በኃይል ይፋተጋሉ። ይቆጣሉ፣ ያብጣሉ። ሰውነት የተቆጣውን ቦታ ለመሸፈን ተጨማሪ አክታ ያመነጫል። እብጠቱ ራሱ ደግሞ የሆነ ነገር የተሰነቀረ ያስመስለዋል። እኛም እንጠርገዋለን። እንደገና ይቆጣል። ጉንፋኑ ከሄደ ስምንት ወር አልፎታል፤ አክታውን እየቀለብን ያኖርነው እኛው ነን።

ለነገሩ አክታ ጠላት አይደለም። አፍንጫችንና የአየር ቧንቧችን ቀኑን ሙሉ ያመርቱታል፤ የተነፈስነውን አቧራና ጀርም አጥምዶ ይይዛል፤ ፀጉር መሰል ጥቃቅን አካላት ወደ ጉሮሮ ይገፉታል፤ ከዚያ ሁላችንም፣ አዎ እናንተም ጭምር፣ ሳናውቀው እንውጠዋለን። ሆድ ይጨርሰዋል። ችግር የሚመጣው ማወቅ የጀመርን ቀን ነው።

መድኃኒቱን ስንጠብቅ ዶክተሯ "ክኒን አልጽፍልሽም" አለችን። እኛም እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ቅር አለን። ባዶ እጁን የሚመልስ ሐኪም ምን ሐኪም ነው? ቤት ገብተን ግን እንደ ጋዜጠኛ አጣራን። በ2021 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት አገኘን። በእንግሊዝ አገር የማይለቅ የጉሮሮ ችግር ያለባቸው 346 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ለ16 ሳምንት ግማሾቹ ላንሶፕራዞል የተባለውን አሲድ ቀናሽ፣ ግማሾቹ ማስመሰያ ክኒን ወሰዱ። ሁለቱም ወገኖች ተሻላቸው፤ እውነተኛው ክኒን ከማስመሰያው የበለጠ ጥቅም ግን አላሳየም። ዶክተሯን በልባችን ይቅርታ ጠየቅናት። (ቃር ያለበት ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ስለሆነ፣ የታዘዘለትን ክኒን በእኛ ወሬ እንዳያቋርጥ!)

ያዘዘችልን ይኼን ነው። እህም ሊመጣ ሲል ውሃ ጎንጨት ማለት። ውሃ ከሌለ አገጭን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ጠንከር አድርጎ መዋጥ። እምቢ ካለ ድምፅ ሳያወጡ መስተዋት ላይ እንደሚተነፍሱ "ህህህ" ብሎ አየር ማውጣትና ከዚያ መዋጥ። እራትን ከመኝታ ሦስት ሰዓት ቀደም ማድረግ፣ የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግ፣ ቡናና ሚጥሚጣ መቀነስ። አፍንጫ ሲታፈን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ የተበጠበጠ ጨው አፍንጫ ውስጥ ማንቆርቆር። (ፈልቶ የቀዘቀዘ ነው ያልነው፤ የቧንቧ ውሃ በቀጥታ አፍንጫ ውስጥ አይገባም።)

ማጠቃለያዋም "ዋጥ አድርጊው" ነበር። ሴት ልጅ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትሰማው ምክር! ጋዜጠኛ ሆነን፣ ተናገሩ እየተባልን ተምረን፣ መጨረሻ ላይ ዋጥ አድርጊው። ሳቃችን መጣ።

*

ማገገሙ ቀላል አልነበረም። ጓደኛችን ለእያንዳንዱ እህም አንድ ብር ቅጣት ጣለችብን። የመጀመሪያው ቀን ሂሳብ ስልሳ ሦስት ብር ሆነ። (እሷ ቤት ያለችበትን ሰዓት ብቻ ቆጥራ ነው።) በሦስተኛው ቀን ተጣላን። በሁለተኛው ሳምንት ሠላሳ ብር ደረስን። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሁሉም ይከፋሉ፤ ያቺ ነገር ጉሮሯችን ውስጥ ቁጭ ብላ "ጥረጉኝ፣ ጥረጉኝ" ትላለች፤ እጅ እንደ ታሰረ ሰው እከክ እየበላን እንቀመጣለን። ከዚያ እኛ ሳንነካት ራሷ ትወርዳለች። ይኼን ለማመን ወር ፈጀብን። በስድስተኛው ሳምንት የቀን ቅጣታችን ስምንት ብር ነበር። በተጠራቀመው ብር ጓደኛችን የውሃ መያዣ ገዛችልን። አሁንም ከቦርሳችን አትለይም።

ሙሉ በሙሉ ተላቀቅን አንልም። ሚጥሚጣ ያሸነፈን ቀን፣ አቧራ የበዛ ቀን ብቅ ትላለች። ጎንጨት እንላለን፣ እንውጣለን፣ ትሄዳለች።

በቅርቡ የቅዳሜው አቅራቢ ስለታመመ ለአንድ ቀን ተኩልን ተባልን። ቀጥታ ስርጭት፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ። ውሃችንን ይዘን ገባን። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አንድ አድማጭ ስልክ ላይ ስለ ልጃቸው ትምህርት ቤት እያወሩ ሳለ… እህም! አመለጠችን። ቴክኒሻኑ ከመስታወቱ ማዶ ቀና ብሎ አየን። እኛም አየነው። አድማጩ ቀጠሉ፤ እኛም ቀጠልን። አገር አልተናወጠም።

ከስቱዲዮ ስንወጣ እናታችን ደወለች። በስልኳ ሬዲዮ ከፍታ አዳምጣን ኖሯል። "አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት" አለች። ቆጥራልናለች።

እናላችሁ፣ እንደ እኛ ጉሮሮ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ፣ በደረቁ አትጥረጉ፤ ውሃ እርጩበት። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ደም ካያችሁ፣ ከከሳችሁ፣ ማታ ካላባችሁ፣ ድምፃችሁ ከሦስት ሳምንት በላይ ከሻከረ፣ መዋጥ ካስቸገራችሁ ወይም አንገታችሁ ላይ እብጠት ከወጣ ግን ውሃ አይበቃም፤ ሐኪም ጋ ሂዱ። እኛ እንዳደረግነው ስምንት ወር አትጠብቁ። አክታውን ዋጥ አድርጉት፤ ፍርሃቱን ግን አትዋጡ፤ ለእናታችሁም ቢሆን ንገሩ።

ጉሮሯችሁ ይጥራ። ቸር እንሰንብት!